የኦጋም ድንጋዮቹ ይውጡ ወይስ ባሉበት ይቅሩ?

ጠያቂ፦ ሰሞኑን ኦጋም ስለሚባለው የአየርላንድ ጥንታዊ ጽሕፈት ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ድንጋይ ላይ «የእከሌ፣ የእከሌ ልጅ» ተብሎ ይቀረጻል። ዘመን ያልፍና ሌሎች ሰዎች ያንኑ ድንጋይ ነቅለው ከመሬት ስር ለሚገነቡት ጠባብ መተላለፊያ ጣሪያ ያደርጉታል። ምግብ ያስቀምጡበታል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ይደበቁበታል። ታዲያ ዛሬም እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለው ወጥቶ ሰው ሊያየው አይገባም? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ።

ድንጋይ ወዳድ፦ በፍጹም! የደንሎን እይ። አየርላንድ፣ ኬሪ በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ኪላርኒ ከተማ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ከአንድ መተላለፊያ የወጡት ድንጋዮች ዛሬ ሜዳ ላይ ቆመው ዝናብ ይወርድባቸዋል። ኦጋም እኮ የሚቀረጸው በድንጋዩ ጠርዝ ነው፤ ተነባቢው ረዘም ያለ ጭረት ሲሆን አናባቢው ግን እዚያው ጠርዙ ላይ ያለች ትንሽዬ ጫር ናት። ጠርዝ ደግሞ ቀድሞ ይሸራረፋል። አናባቢው ከጠፋ ስሙን ማን ያነበዋል?

ጠያቂ፦ ዝናብ ከሆነ ችግሩ ጣሪያ ስር ማቆም ነዋ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኮርክ 28 ድንጋይ በኮሪደሩ አቁሟል፣ ተማሪው ቡናውን ይዞ አጠገባቸው ያልፋል።

የገበሬ ልጅ፦ ሁለታችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። የጥንት የአየርላንድ ሕግ ጽሑፎች ኦጋምን ለመሬት ባለቤትነት ምስክር አድርገው ይጠቅሱታል። እኛ ካርታ እንደምንለው ማለት ነው። የሰውን ካርታ ነቅሎ መሬት ስር መክተት ምን ይባላል? እኔ ጉልበት ነው እላለሁ። ስለዚህ ይውጣ፣ ሰዎቹ ስማቸው ይመለስላቸው።

ድንጋይ ወዳድ፦ ኧረ አታካብጂው እህቴ። መተላለፊያ ለመክደን ረጅም ድንጋይ ያስፈልጋል፣ ኦጋሙ ደግሞ ረጅምና የተዘጋጀ ነው። ኮርክ ውስጥ ባሊኖክ ላይ ከአንድ መተላለፊያ 15 ተገኝተዋል። 15 ካርታ ቀማኛ በአንድ ጉድጓድ?

የገበሬ ልጅ፦ እሺ፣ 15ቱስ ከየት ተሰበሰቡ? ዋተርፎርድ ያለውን ድራምሎሃንን ተመልከት፣ እዚያ 10 የተገኙት በጥንት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ከመቃብር ቦታ ነቅለውት ከሆነ «ድንጋይ ጠፋ» ብለህ አትለፈው።

ጸጥ ያለው፦ አንድ ነገር ልበል። ሮስኮመን ውስጥ የድመቶች ዋሻ የሚባል አለ። በአራት እግርህ እየዳህክ ትገባለህ፣ ጉበኑ ላይ ኦጋም ተቀርጿል፦ «ቭራይኪ ማኪ መድዊ»። የፍራይክ፣ የመድው ልጅ እንደማለት። ሰዉ የአፈ ታሪኳን ንግሥት ሜቭን ማየት ስለሚፈልግ የእሷ ልጅ ነው ይላል፣ የቃሉ መጨረሻ ግን የወንድ ስም ነው የሚመስለው። እንግዲህ ጠያቂ፣ ይውጣ ያልከው ይሄ ነው። ጉበን እኮ ነው! ብትነቅለው ጣሪያው ራስህ ላይ ይወርዳል። የደብሊን የላቀ ጥናት ተቋም ሰዎች ኦጋም ድንጋዮችን በሌዘር እየቃኙ ምስላቸውን ኢንተርኔት ላይ አውጥተዋል፤ ጭረቱን ማየት ለፈለገ በስልኩ ያዞረዋል።

ጠያቂ፦ ስልክ ላይ ማየትና አጠገቡ መቆም አንድ አይደለም። ግን እሺ፣ ጉበኑን ትቻለሁ። ደንሎ ግን ቢያንስ ጣሪያ ይሠራለት።

ድንጋይ ወዳድ፦ በዚህስ አልጣላህም።