ስካን ያረኩትን የድሮ ፎቶ ሳሳድገው ይፈርስብኛል፣ ምን ላርግ?

ትንሿ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። እናቴና አባቴ አብረው የተነሱት የድሮ ፎቶ አለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽዬ ነገር። ከዛ ላይ የእናቴን ፊት ብቻ ቆርጬ በኤ4 ሙሉ አሳትሜ ፍሬም ውስጥ ላስገባላት ፈልጌ ነበር። ፕሪንተሬ ላይ ባለው ስካነር 300 ላይ ስካን አረኩት፣ በፔይንት ከፍቼ ፊቷን ቆረጥኩና ሪሳይዝ ብዬ አሳደግኩት፣ ምን ልበላችሁ፣ ዓይኗ ደረጃ ደረጃ ሰርቶ አረፈው፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው የሚመስለው። ዲፒአዩን ወደ 1200 ቀይሪው ያለኝ ሰው ነበር፣ በሌላ ፕሮግራም ገብቼ ቁጥሩን ቀየርኩት፣ ቅንጣት ለውጥ የለም። ኮምፒውተሬ አርጅቶ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ነው? ፎቶሾፕ የለኝም።

ካሜራ_በእጄ፦ ኮምፒውተሩም ፔይንቱም ምንም አላጠፉ እህቴ። ፎቶው ላይ ፊቷ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? በማስመሪያ ለኪውና ንገሪን።

ትንሿ፦ ከነፀጉሯ ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር።

ካሜራ_በእጄ፦ በቃ ነገሩ እሱ ነው። 300 ዲፒአይ ማለት በእያንዳንዱ ኢንች ላይ 300 ነጥብ ነው፣ 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለሽ በወርድ 354 ፒክስል (ነጥብ ማለት ነው) ብቻ ነው። የኤ4 ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 8.27 ኢንች አካባቢ። 354ን ለ8.27 አካፍይው፣ በኢንች 43 ይመጣልሻል። እጅ ላይ ተይዞ በቅርብ ለሚታይ ፎቶ 300 ቢሆን ሸጋ ነው፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 200 ምናምንም ያስኬዳል፣ 43 ግን ለየትኛውም አይሆንም፣ ለዛ ነው አራት ማዕዘኖቹን በዓይንሽ የምታያቸው።

ስካን ካረግሽ በኋላ ቁጥሩን 1200 ብለሽ መቀየርሽ ደሞ ምንም ያልጠቀመሽ፣ ያ ቁጥር ለፕሪንተሩ «በኢንች ይሄን ያህል ፒክስል ጠቅጥቀህ አትም» ከማለት ውጪ ስራ ስለሌለው ነው። ፒክስሎቹ እዛው 354 ናቸው። ማሳደግ የሚጀመረው ስካነሩ ላይ ነው፣ ፎቶውን መልሰሽ አስገቢና 1200 ላይ ስካን አርጊው። ያኔ ያቺው 3 ሴንቲ ሜትር 1417 ፒክስል ትሆናለች፣ ኤ4 ላይ 171 ይደርስልሻል።

ድሮና_ዘንድሮ፦ ሂሳቡ ልክ ነው ግን ልጅቷን ብዙ ተስፋ አታስጠብቃት ባክህ 🙂 ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶ በራሱ ውስጡ የያዘው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ባለው ውስጥ ያልቃል፣ ከዛ በላይ ስትሄጂ ስካነሩ የሚያመጣልሽ የወረቀቱን ቅንጣትና አቧራውን ነው። 1200 ላይ አርጊው፣ አይጎዳም፣ አራት ማዕዘኖቹም ይጠፋሉ፣ ግን ድሮም የሌለ ሽፋሽፍት አይመጣም። ኔጋቲቩ፣ ፎቶው የታተመበት ፊልም ማለቴ ነው፣ ከተገኘ ግን ወሬው ሌላ ነው፣ እሱ 2400 ቢሆንም ይገባዋል፣ ኔጋቲቭ የሚያነብ ስካነር ያስፈልገዋል እንጂ።

ሌላ፣ የስካነርሽን «ኦፕቲካል» ሪዞሉሽን፣ ማለትም ስካነሩ ራሱ በእውነት የሚያነበውን የነጥብ ብዛት፣ እይ። ሶፍትዌሩ 9600 ምናምን የሚል ምርጫ ቢያሳይሽ እንዳትሸወጂ፣ ከኦፕቲካሉ በላይ ያለው በግምት የተሞላ ነው።

እኔ ብሆን ግን ፊቷን ብቻ አልቆርጥም። 3 ሴንቲ ሜትሩን ወደ 21 መውሰድ 7 እጥፍ ነው፣ ብዙ ነው። ከደረቷ በላይ አርገሽ እንደ ጉርድ ፎቶ 6 ሴንቲ ሜትር ወርድ ብትወስጂ ሶስት ተኩል እጥፍ ብቻ ይሆናል፣ 1200 ላይ 2835 ፒክስል ይሰጥሻል፣ ኤ4 ላይ 343፣ ከበቂ በላይ። ፊት ብቻ ተነጥሎ ኤ4 ሲሞላ ደሞ እውነቱን ለመናገር ሰው ያስደነግጣል።

ሌሊት_ሰራተኛ፦ ለምን ትደክማላችሁ፣ አፕስኬል የሚባል አለ፣ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ በኤአይ 4 እጥፍ ያሳድገዋል፣ ጥርት ነው የሚለው። በቃ አንድ ክሊክ።

ትንሿ፦ ውይ እሱን ትናንት ማታ ሞከርኩት!! መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ፣ ጥርት ያለ ነው በእውነት፣ ከዛ ጠጋ ብዬ ሳየው ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለች፣ ጠፍታለች። ቅንድቧ ደሞ የተቀነደበ ሆኗል፣ ጥርሷም ቁጥሩ የጨመረ መሰለኝ። እናቴን የምትመስል አክስት ነው የሰጠኝ፣ ቆንጆ አክስት፣ ግን እናቴ አይደለችም 😂

ድሮና_ዘንድሮ፦ 😂 ይሄው። ከ354 ፒክስል ፊት ሲሰጡት ያላየውን ከሌላ ሰው ፊት አስታውሶ ይሞላዋል። ለዛፍ ለግድግዳ ለልብስ ችግር የለውም፣ ለምናውቀው ሰው ፊት ግን እኔ አላምነውም።

ሌሊት_ሰራተኛ፦ እሺ አምኛለሁ፣ ግን መጀመሪያ 1200 ላይ ስካን አርጋ ብትሰጠው እንዲህ አይፈጥርም ነበር፣ ግብዓቱ ሲደኸይ ነው ቅዠቱ የሚበዛው።

ትንሿ፦ እሺ ድጋሚ 1200 ላይ ስካን አረኩት፣ ከለር መሆን አለበት ወይስ ግሬይስኬል (ግራጫ ብቻ)? እና በምን ልቁረጠው?

ካሜራ_በእጄ፦ ንፁህ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግሬይስኬል ይበቃል፣ ሙሉው ፎቶ በ1200 ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚሆነው፣ በከለር ሶስት እጥፉ። ግን ወረቀቱ ወደ ቡኒ የሄደ ከሆነና ያንን ቀለሙን ከወደድሽው በከለር ያዢው። ስካነሩ ላይ «አውቶ» የሚል ማስተካከያ ካለ አጥፊው፣ ፊቷን አንጥቶ ዝርዝሩን ይበላዋል። ሴቭ ስታረጊ ዝርዝር በማያጣው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ ይሁን። ጄፔግ በከፈትሽና መልሰሽ ሴቭ ባረግሽ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያጣል፣ ጄፔግ የምታወጪው መጨረሻ ላይ ለህትመት ስትሰጪ ብቻ ነው። ዋናውን ስካን ደሞ ኮፒ አርጊና አትንኪው፣ እኔ አንዴ ዋናው ላይ ቆርጬ ሴቭ ብዬ ዘጋሁት፣ አልበሙ ደሞ ሌላ አገር ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለመቁረጥ ጊምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አውርጂ፣ ነፃ ነው። የክሮፕ መሳሪያውን ስትይዢ ከታች ፊክስድ የሚለውን ምልክት አርጊበትና አስፔክት ሬሾ (የወርድና የቁመት ምጥጥን) ላይ 210:297 ብለሽ ፃፊ፣ የኤ4 ልኬት ነው፣ ከዛ እንደፈለግሽ ብትጎትቺው መጠኑ አይዛባም። ይሄን ሳታረጊ በዓይንሽ ከቆረጥሽ ማተሚያው ላይ ወይ ጎኑ ላይ ነጭ ይቀራል ወይ ጭንቅላቷ ይቆረጣል። ፎቶው ጠመም ያለ ከሆነ ከመቁረጥሽ በፊት አቅኚው፣ አንዴ ብቻ፣ ደጋግመሽ ስታዞሪው ይደበዝዛል። ከፀጉሯ በላይ ትንሽ አየር ተዪ፣ ዓይኗ ከላይ አንድ ሶስተኛው አካባቢ ቢያርፍ ጥሩ ነው። አባትሽ ትከሻው የግድ ይገባል መሰለኝ?

ትንሿ፦ አዎ ትከሻው ይገባል። እሱንስ ላጥፋው?

ድሮና_ዘንድሮ፦ ኧረ ተዪው፣ የባሏ ትከሻ ነው እኮ።

ካሜራ_በእጄ፦ 😄 ይቆይ ይቆይ። ስድስቷን ሴንቲ ሜትር ከወሰድሽ ፒክስል ስለሚተርፍሽ ማሳደግ ራሱ ላያስፈልግሽ ይችላል። ካስፈለገሽ ኢሜጅ ሜኑ ውስጥ ስኬል ኢሜጅ የሚለው ነው፣ ወርድና ቁመቱን የምታገናኘው የሰንሰለት ምልክት የተያያዘች መሆኗን እይ፣ ከተላቀቀች ፊቷ ይለጠጣል። ኢንተርፖሌሽን (አዲሶቹ ፒክስሎች የሚሞሉበት መንገድ) ላይ «ነን» አይሁን፣ ያ ነው ሴራሚክ የሚያረገው፣ ኪዩቢክ ወይ ኖሃሎ አርጊው። ሻርፕ ማድረግ (ጠርዞቹን ማጉላት) የሁሉም መጨረሻ ነው፣ እሱም በጥቂቱ፣ ዙሙን 100 ፐርሰንት ላይ አርገሽ እያየሽ።

ትንሿ፦ ተሳካ! ደረቷ ድረስ ወሰድኩት፣ የአባቴም ትከሻ አለ፣ ማርያም የሳመቻትም አለች። ሙከራ በተራ ወረቀት አተምኩት። አንድ ነገር ብቻ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አለ፣ ፎቶው ላይ ግን አይታየኝም።

ድሮና_ዘንድሮ፦ ፎቶውን ስካነሩ ላይ ትንሽ ወደ ጎን አንቀሳቅሰሽ ድጋሚ ስካን አርጊ። ነጥቡ አብሯት ከሄደ ፎቶው ላይ ነው፣ እሷ ተንቀሳቅሳ ነጥቡ ቦታው ላይ ከቀረ መስታወቱ ላይ ነው፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ውሃ ቀጥታ እንዳትረጪበት።

ትንሿ፦ መስታወቱ ነው። ጠርጌ እንደገና እያስገባሁት ነው።