ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሰዓሊዎቻችን እንዲያጠኑ ምን ምንጭ ልስጣቸው?

ጠያቂ (መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የክወናና እይታ ጥበባት መምህርት ነኝ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ስለ አንድ ታዋቂ አርቲስት አጥንታችሁ ሁለት ገጽ ጻፉ» ብዬ ነበር። ከ54ቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ ፊልም ተዋንያንና ስለ ድምፃውያን ጽፈው መጡ፤ ልጆቹ «አርቲስት» የሚለውን ቃል በየቤታቸው የሚሰሙት በዚያ ትርጉም ስለሆነ «ሰዓሊ» ብዬ መለየት ነበረብኝ። ስለ ሰዓሊ የጻፉት ደግሞ ሁሉም አፈወርቅ ተክሌን የመረጡ ሲሆን፣ ጽሑፉ ከነፊደል ግድፈቱ አንድ ነው፤ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቃል። አንዲት ልጅ ብቻ የራሷን ስሌት ሠርታ «87 ዓመት ኖረ» ብላለች፤ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘችው እስካሁን አልገባኝም። ቤተ መጻሕፍታችን አንድም የሥነ ጥበብ መጽሐፍ የለውም፤ ኢንተርኔት የሚሠራውም በሁለት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። በዚህ አቅም ልጆቹ የሚተማመኑበት ምንጭ የት ይገኛል? መገልበጡንስ በምን ላስቀረው?

መልስ 1 (መምህር፣ አዲስ አበባ)፦ መምህርት፣ የ87ቱ ምሥጢር ቀላል ነው፤ ልጅቷንም አይቅጧት። አፈወርቅ የተወለደው በ1925 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጆቹ 1932 መሆኑ ነው፤ ያረፈው በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጆቹ 2012 ነው። ልጅቷ የልደቱን ዓመት ከአማርኛ ጽሑፍ፣ የሞቱን ዓመት ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወስዳ ቀንሳዋለች። ትክክለኛው 79 ዓመት ነው። እኔ ጥናቱን የማስጀምረው በዚሁ ስሌት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት እንደሚሆን አሳይቼ፣ በሚጽፉት እያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ያላስቀመጠ ተማሪ ወረቀቱን መልሶ እንዲወስድ አደርጋለሁ። ሁለት ጽሑፎችን አስተያይቶ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ የሚጠይቅ ልጅ ምርምርን ጀምሯል፤ የእርስዎ ተማሪ ከሌሎቹ 53 የተሻለ ሥራ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ።

መልስ 2 (ሰዓሊና የሥነ ጥበብ መምህር)፦ መገልበጡን የሚያመጣው ጥያቄው ራሱ ነው። «የሕይወት ታሪኩን ጻፉ» ከተባለ የሕይወት ታሪኩ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ልጁ ከመገልበጥ ሌላ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ከሥዕሉ ይነሡ። አዲስ አበባ በሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅን ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሳትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ሥራው ሦስት ክፍል ሆኖ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ያለፈችውን፣ የምትታገለውንና የነገዋን አፍሪካ ያሳያል። ልጆቹ አሥር ደቂቃ ያለ አንዳች ንባብ ይመልከቱት። እነማን ቆመዋል? ማን ምን ይዟል? ቀለሙ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲያልፍ እንዴት ይለወጣል? ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ መልስ ያጣበትን አንድ ጥያቄ ጽፎ፣ መጽሐፍም ኢንተርኔትም የሚያየው ያንን ጥያቄ ለመመለስ ብቻ ይሁን። 54 ልጆች 54 ጥያቄ ይዘው ሲመጡ ከማን ይገለብጣሉ?

ገብረ ክርስቶስ ደስታንም እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ያረፈ ሰዓሊና ገጣሚ ነው። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መድበሉ በአማርኛ ስለሆነ፣ ልጆቹ ያለ ተርጓሚ ከሰውየው ከራሱ የሚያገኙት ምንጭ ነው። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥሙን ጮክ ብለው አንብበው ከአንድ ሥዕሉ ጋር እንዲያስተያዩ ቢያደርጓቸው፣ በሁለቱ መካከል የሚያዩት ነገር እርስዎንም ያስገርምዎታል። በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ይገኛል።

መልስ 3 (የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ)፦ በአጭሩ ስለ ፍለጋ ልጨምር። «ሰዓሊ»፣ «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ» ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ገብረ ክርስቶስ» ተለያይቶና ተጣብቆ ሲጻፍም እንዲሁ። በላቲን ፊደል አፈወርቅን አንዱ በ«ኬ» ሌላው በ«ኪው» ይጨርሰዋል። ስለዚህ ተማሪው አንድ ጊዜ ፈልጎ «የለም» እንዳይል ስሙ የሚጻፍባቸውን መንገዶች ሁሉ አስቀድመው በሰሌዳ ላይ ይጻፉለት። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብትን) እና አራት ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ይጎብኙ፤ የድሮ ጋዜጦችንና የዐውደ ርእይ መጽሔቶችን ጠይቀው የሚጠቅሙዎትን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ የኅትመቱን ስም፣ ቀኑንና የገጽ ቁጥሩን በዚያው ሰዓት ይመዝግቡ፤ በኋላ አይገኝምና።

መልስ 4 (ወላጅ፣ ሜሪላንድ)፦ እኔ የምጨምረው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንን ነው። በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ከ1972 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹ አሉት፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. የሠራውን «የጁጁ ሠርግ» ይዟል። በሙዚየሞቹ ድረ ገጾች ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር የተሠራበት ዓመት፣ ቁሱና መጠኑ ተጽፎ ይገኛል። 7ኛ ክፍል ያለችው ልጄ መጠኑን በሜትር ለክታ ወለሉ ላይ በኖራ ጠመኔ ስታሰምረው፣ በስልክ ላይ የመዳፍ ያህል የነበረው ሥዕል ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ገባት። እንግሊዝኛው እንዳያስቸግር እነዚህን ሦስት መስመሮች ብቻ ተርጉመው ይስጧቸው፤ ይበቃል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የ87ቱን ነገር ለልጅቷ ነገ በክፍል ፊት አስረድቼ አመሰግናታለሁ። በግድግዳው ፎቶግራፍ እጀምራለሁ፤ ሁለቱን ኮምፒውተሮችም በቡድን በቡድን፣ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ለመጣ ብቻ እከፍታለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ አፈወርቅ የተወለደባት አንኮበር ለእኛ ቅርብ ናት፤ ልጆቹን ይዤ ብሄድ ከሽማግሌዎች የሚሰሙትን እንደ ምንጭ ልቀበለው?

መልስ 2፦ ይቀበሉት፤ ነገር ግን የተናጋሪውን ዕድሜ፣ ነገሩን ራሱ አይቶት እንደሆነ ወይም ከማን እንደሰማው፣ የተነገረበትንም ቀን ልጆቹ ከቃሉ ጎን ይጻፉ።