የቪትዝ በር ስፒከር፦ ሁለቱ አብረው ሲሰሩ ቤዙ ይጠፋል

ሰላም ወገኖች፣ የመኪና ቴፕና ስፒከር ዝርጋታ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ ናት። የፊት በሮቹን ስፒከር በአዲስ ባለ 4 ኦም ቀየርኩ። አምፕ (የድምፅ ማጉያ) የለም፣ በቀጥታ ከቴፑ ነው የሚሰሩት። ድምፁን ወደ ግራ ብቻ ወይም ወደ ቀኝ ብቻ ሳዞረው ቤዙ አሪፍ ነው፤ መሃል ላይ ስመልሰው ግን ቤዙ ድራሹ ይጠፋና ዘፋኙ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። በአንዱ በኩል ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጧል ብዬ ጠረጠርኩ። ስፒከሮቹን አውጥቼ ፖዘቲቩን ከ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ነካ ሳደርጋቸው የሁለቱም ወረቀት ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። እነሱ ደህና ናቸው ማለት ነው።

የቀረው ገመዱ ነው። የቀኙ በር የፋብሪካ ገመድ እንዳለ ነው፣ ቀላል አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጋቲቭ። የግራውን ግን ከእኔ በፊት የነካው ሰው በሩ ውስጥ በሁለት ጥቁር ገመድ ቀጥሎ በናስትሮ ጠቅልሎታል፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። በዚያ ላይ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ስፒከሩን መልሼ ከቴፑ ጀርባ በቴስተር ስለካው 3.6 ኦም ያሳያል፣ በሩን ሳንቀሳቅሰው ይቋረጣል።

የስፒከር ገመድ ቦዲ ከነካ ቴፑን ሊያቃጥለው ስለሚችል ለጊዜው የግራውን ነቅዬዋለሁ። በበሩና በቦዲው መሃል ባለው ጎማ ውስጥ ተበጥሶ ይሆን? በሩን ሳያወርድ በዚያ ጎማ አዲስ ገመድ ያሳለፈ ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።