ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ ያስተምር?

አወያይ፦
ከቡድናችን አባላት አንዱ «ርዕሰ መምህር የሆነ ሁሉ በየሳምንቱ የተወሰነ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምር ደንብ ይውጣ» የሚል ሐሳብ አቅርበው አባላት ለሁለት ተከፍለዋል። አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ በፈረንሳይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች በአብዛኛው ራሳቸው ክፍል ይዘው ሲያስተምሩ፣ በአሜሪካ ግን ርዕሰ መምህርነት ባመዛኙ ከማስተማር የተለየ ሙሉ ሥራ ነው። የምትጽፉ ሁሉ ምክንያታችሁን በዝርዝር እንድታስረዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሒሳብ መምህር፦
ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ያነሳሳኝንም ልንገራችሁ። የክፍልፋይ ድመራ ሳስተምር ርዕሰ መምህራችን የምልከታ ቅጽ ይዘው ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። አንዲት ተማሪ ወደ ሰሌዳ ወጥታ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሁለት አምስተኛ ይሆናል ብላ ጻፈች፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ማለት ነው። አላረምኳትም። «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብዬ ጠየቅኋት። ጠመኔውን እንደያዘች ብዙ ቆየችና «ያንሳል» አለች፤ ቀጥላም ማንም ሳይጠይቃት «ግማሽ ላይ ጨምሬበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ብላ የጻፈችውን በእጇ አጠፋችው። ይህ ስምንት ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ በዕለቱ ዕቅድ ከነበሩት አራት ምሳሌዎች ሁለቱ ሳይሠሩ ደወል ተደወለ። በቅጹ ላይ ያገኘሁት አስተያየት «የጊዜ አጠቃቀም፦ ዝቅተኛ» ይላል።

እኚህ ሰው ለትምህርት ቤቱ ሌት ተቀን የሚደክሙ ናቸው። ነገር ግን ጠመኔ ከጨበጡ አሥራ አራት ዓመት ስላለፋቸው የተማሪ ዝምታ የባከነ ጊዜ ይመስላቸዋል። ማዕረጉ ራሱ «ርዕሰ መምህር» ነው፤ የመምህራን ራስ የተባለ ሰው መምህርነቱን ትቶ ራስነቱን ብቻ ከያዘ፣ የሚመዝነውን ሥራ የሚያውቀው በቅጽ ብቻ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦
የመምህሩ ቅሬታ ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን ተማሪን ይጎዳል። ይህን የምለው ሞክሬው ነው። ርዕሰ መምህር ሳለሁ ለሦስት ዓመት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ይዤ ነበር። ደወል ሲደወል ወይ ልጁ የተጎዳበት ወላጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል፣ ወይ በዕለቱ ካልተላከ የሚያስጠይቅ ሪፖርት አለ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መዝገቤን ገልጬ ስቆጥር፣ ከአራት ክፍለ ጊዜ አንዱን ያህል ወይ ጭራሽ አልገባሁም ወይ አርፍጄ ገብቻለሁ። ሌላ መምህር ይህን ቢያደርግ ማስጠንቀቂያ እጽፍበት ነበር። የእኔ ተማሪዎች ግን ማንም የማይጠይቅላቸው ነበሩ፤ አቤት የሚባለው እኔው ዘንድ ስለሆነ።

በማስረጃም እንየው። ጄሰን ግሪሶም፣ ሱዛና ሎብና ቤንጃሚን ማስተር በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ማያሚ ዴድ የሚሠሩ 100 ያህል ርዕሳነ መምህራን የሥራ ጊዜያቸውን በምን እንደሚያውሉ ተከታትለዋል። መምህርን ቀርቦ በማሠልጠን፣ በመገምገምና የትምህርት መርሐ ግብሩን በማሻሻል የሚያልፍ ጊዜ ከተሻለ የተማሪ ውጤት ጋር አብሮ ታይቷል፤ ለአፍታ ክፍል ገባ ብሎ መውጣት ግን ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ነው የተዛመደው። ዝምድና ምክንያትን አያረጋግጥም። ቢሆንም መሪው ክፍል ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ፋይዳ እንዳለው አድርገን እንዳንወስድ ያስጠነቅቃል። የመምህሩንም ክፍል የጎዳው የዚያ ዓይነት ጉብኝት ነው፤ ከምልከታው በኋላ ቁጭ ብለው ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ የስምንቱ ደቂቃ ምክንያት ይገለጥ ነበር።

ምክትል ርዕሰ መምህር፦
ስድስት መምህራን ባሉበት ትምህርት ቤት ኃላፊው ካላስተማረ ክፍል ባዶውን ይውላል፤ ስልሳ መምህራን ባሉበት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ለሁለቱም አንድ ደንብ ማውጣት አይገባኝም።

የሒሳብ መምህር፦
የሁለታችሁንም እቀበላለሁ፤ በተለይ የተማሪዎቹን አቤቱታ ማን ይሰማል የሚለው እኔ ያላሰብኩት ነው። «ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ» በሚለው ላይ ግን እለያለሁ። ከምልከታው በኋላ ተነጋግረናል። የሆነውን በቃል ሳስረዳ ማመካኛ መሰለብኝ፤ እርሳቸውም የሚያመሳክሩበት የቅርብ ልምድ አልነበራቸውም። በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቪቪያን ሮቢንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ያወጡት ትንተና በመማር ማስተማር ላይ ያተኮረ አመራር በተማሪ ውጤት ላይ ያለው አማካይ ተጽዕኖ፣ ራዕይ በማሳየትና ሠራተኛን በማነቃቃት ላይ ከሚያተኩረው ከሦስት እስከ አራት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከተመለከቷቸው የአመራር ተግባራትም ትልቁ ተጽዕኖ የተገኘው መሪው የመምህራንን ሙያዊ ትምህርት ሲያበረታታና ራሱም አብሮ ሲማር ነው። ይህ አብሮ መማር ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚገኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሐሳቤን ላሻሽል። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ብቻውን አይያዝ፤ ከአንድ መምህር ጋር ተጣምሮ፣ ዕቅዱን አብሮ አውጥቶ፣ ደብተሩን አብሮ አርሞ፣ አንድ ርዕስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስተምር። አስቸኳይ ጉዳይ ቢጠራው ተማሪው ያለ መምህር አይቀርም። ከኋላም ሌላ መምህር ያንኑ የምልከታ ቅጽ ይዞ ይቀመጥ።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦
በጥንድ ማስተማሩን እደግፋለሁ፤ በቅጹም አልከፋም፤ እኔም በጊዜዬ «የጊዜ አጠቃቀም፦ ዝቅተኛ» ብዬ የሞላሁባቸው መምህራን አሉና። ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ ባለበት ሰዓት ወላጁን ማን ተቀብሎ ያነጋግራል፣ ሪፖርቱንስ ማን ፈርሞ ይልካል? ደንቡ ሲረቀቅ ይህን በሙሉ ሥልጣን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ሦስቱን ዓመት ስለማውቀው ተቃውሞዬን አላነሣም።