የስቱዲዮ ሥዕልና የፊልም አኒሜሽንን አጣምሮ ስለመማር
ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ሥዕልን ከፊልም አኒሜሽን ጋር አጣምሬ ለመማር አስቤአለሁ። የእርሳስና የቀለም ልምምዱ በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ በእጅጉ ይጠቅማል። ከሕያው ሞዴል ፊት ቆሞ የሚሥል ተማሪ የሰውነት ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ ዳሌ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ትከሻ በተቃራኒው እንዴት እንደሚያጋድል ማስተዋል ይለምዳል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ገጸ ባሕርይ፣ ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ መሬት የረገጠ አይመስልም።

መልስ 2፦ እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የጊዜውን ነገር ግን አስቀድመው ያስቡበት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎች ስለሚያሳይ፣ እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል እያቆዩ ቢሠሩ እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ።

መልስ 3፦ ለመግቢያ በሚያቀርቡት የሥራ ስብስብ ውስጥ፣ ካለቁት ሥዕሎች በተጨማሪ የንድፍ ደብተርዎን ገጾች ቢያካትቱ መልካም ነው።