ጥቆማ፦ ከጎንደር አፋር በረሃ ወርዶ ከልጆች ጋር ማደር፣ ምን እንከራይ ምን እንግዛ?

በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ልጆች ይዘን አፋር ብንወርድስ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ የሚከራየው የካምፕ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል ለስሜን ተራሮች የታሰበ ነው። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጨነቅ ከዚያም ይበልጣል፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። አከራዮቹ የሚጨነቁት ስለ ብርድ ነው። አፋር ያለችው አፍዴራ ግን ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከድንኳንና ከስሊፒንግ ባግ ቀንሱና ገንዘባችሁን ለውሃ፣ ለጥላና ለመኪና አውሉት።

ድንኳን መከራየት ግድ ካላችሁ ፒያሳ አካባቢ ያሉት አስጎብኚዎች ይበቃሉ፤ ለዚህ ብላችሁ ደባርቅ ድረስ አትድከሙ። የውስጠኛውን ሽፋን እዩት። ከላይ እስከ ታች ወንፊት ከሆነ ውሰዱት፣ የውጪውን ሽፋን ለነፋስ ብቻ ያዙት። ወንፊቱ በሩ ላይ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ቀን ቀን ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ዚፑን እዚያው ፊታቸው ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፤ ስሜን ብዙ የከረመ ድንኳን የዚፑ ጥርስ የረገፈ ነው፣ ያ ማለት ደግሞ ሌሊቱን ከትንኝ ጋር ማደር ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከድንኳን ይልቅ አጎበርና ሸራ እመርጣለሁ። በኅዳርና በጥር የአፋር ሌሊት ደጅ ለመተኛት ይመቻል። ዳሎል አጠገብ ባለችው መንደር፣ ሐመድ ኤላ ላይ፣ እንግዳ የሚያድረው በገመድ በተጠለፈ የእንጨት አልጋ፣ ሰማይ እያየ ነው። ቆላ ነውና ወባ አለ፤ ለእያንዳንዱ መኝታ አጎበር፣ ከታች ቀጭን ስፖንጅ፣ ከላይ ጋቢ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ሸራ ቅዳሜ ገበያ ሁለት ዓይነት አለ። ላስቲኩ ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ሙቀቱን ያሳልፈዋል፣ ነፋስ ሲነሳም ሌሊቱን ሙሉ እየተንጓጓ ልጅ አያስተኛም። የጭነት መኪናው ወፍራም ሸራ ይወደዳል፣ ይከብዳልም፣ ጥላው ግን ጥላ ነው። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ኪሎ አትጨርሱበት፤ ከሰመራ አፍንጫ ስር ያለችው ሎጊያ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች ማረፊያ ስለሆነች እዚያ ጠይቁ። ካስማ ጨው ላይም ሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ አልገባም ይላል። አምስት ስድስት ባዶ ማዳበሪያ አጥፋችሁ ያዙ፣ እዚያ አሸዋ ወይም ድንጋይ ሞልታችሁ የሸራውን ገመድ እሱ ላይ እሰሩ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ውሃው። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ። አምስት ሆናችሁ አራት ቀን ብትቆዩ 100 ሊትር መሆኑ ነው። ለማብሰያና ለመታጠቢያ ቢያንስ 40 ጨምሩ፣ መኪና ቢቆም ደግሞ የአንድ ቀን መጠባበቂያ 25። ይህን ለአስጎብኚው ስትነግሩት «ውሃ እኛ እንይዛለን» ይላችኋል፤ ስንት ሊትር ብላችሁ በቁጥር ጠይቁት፣ ሲጫንም ቆማችሁ ቁጠሩ። የምትጠጡትን በታሸገ ፕላስቲክ ግዙ፣ አንዱ ቢፈነዳ የሚጎድለው አንዱ ብቻ ነው። ለማብሰያው ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይሁን፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እስኪበቃው አጥባችሁ። ላምባ ወይም ቤንዚን የነካውን ግን ምንም ቢታጠብ አትንኩት፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ ጥቂት አቆዩትና አሽትቱ፣ ሽታው ያን ጊዜ ይወጣል። ለምለም የሚባለውን ኦአርኤስ (የሰውነት ውሃ ሲያንስ በውሃ በጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት) ከጎንደር ፋርማሲ ያዙ፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ልጅ ጠማኝ እስኪል አትጠብቁ፤ ሽንቱ ከጠቆረ ውሃው አንሶታል።

ምግብ እንኳ ለጎንደር እናቶች አይነገርም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ምጥን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። እንጀራ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል፣ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ያዙ። ቡታ ጋዝም ላምባም አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ላቀች ምድጃና ከሰል ከሎጊያ መግዛት ይሻላል። ከሰሉ ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይግባ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

መኪና ላይ አትቆጥቡ። ከጎንደር በወልድያ በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚያደርስ የአስፋልት መንገድ አለ፣ ግን የመንገዱ ጸጥታ ነገር እንደምታውቁት ነው። ልጅ ይዞ ለሚሄድ በአዲስ አበባ በኩል ሰመራ በአውሮፕላን መግባት ይሻላል፣ ይወደዳል ግን ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ ሙሉ ጥቅሉን ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ መግዛት ወይም ሰመራ ደርሶ መዋዋል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ጥቅሉን ግዙ፤ የክልሉን ፈቃድ፣ የአካባቢውን መሪና ጥበቃ እነሱ ይጨርሳሉ። ውሉ ላይ ግን የመኪናው ዓይነት፣ ኤሲው መሥራቱ፣ ሁለት መለዋወጫ ጎማና ሁለት መኪና አብረው መሄዳቸው ይጻፍ። አንድ ወኪል በፎቶ ያሳየን ላንድ ክሩዘር ሌላ፣ ጠዋት በራችን ላይ የቆመው ሌላ ነበር፣ ኤሲ የሚባል አልነበረውም። በአንድ መኪና ብቻ በረሃ አትግቡ፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም።

ልጆቹ ስንት ዓመት ቢሆናቸው ላላችሁኝ፣ ዳሎልና ኤርታሌ ለትንንሾች አይደሉም። ዳሎል ላይ ያ የሚያምረው ቢጫና አረንጓዴ ውሃ አሲድ ነው፣ ቅርፊቱም ከእግር በታች ይሰበራል። ኤርታሌ ደግሞ ጋዙ ያፍናል፣ ሐምሌ 2017 ፈንድቷል። አፍዴራ ሐይቁ፣ ፍል ውሃውና ጨው አምራቾቹ ስላሉ ልጅ የሚያየው አያጣም፤ ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ አፍዴራ ላይ ወርዷልና ከመሄዳችሁ በፊት ሰመራ ደውላችሁ ሁኔታውን ጠይቁ። ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ወይም ደም ግፊት ያለባቸውን እናት ይዛችሁ ከሆነ አዋሽ ፓርክ ይሻላችኋል። በረሃነቱ ለዘብ ያለ ነው፣ ሳላ የሚባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ በቅርብ ይታያል፣ ሆስፒታልም አይርቅም፤ ወንዙ ዳር ግን አዞ አለና ልጅ አይቅረብ። አፋር ውስጥ ለሰመራ የሚቀርበው ሆስፒታል ዱብቲ ነው፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ዳሎል ላይ የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፤ ቀዝቃዛው ወርና ሌሊቱ ጭምር ተደምሮ ማለት ነው፣ ሰኔ ላይ ምን እንደሚሆን ገምቱት። ጥምቀትን ትተን እንሂድ የሚል ጎንደሬ መቼም የለም፤ ቃና ዘገሊላን አክብራችሁ ሦስት አራት ቀን ቆይታችሁ ውጡ። በበዓሉ ማግስት እንግዳው ሁሉ ስለሚመለስ ከአዘዞ የሚነሳው በረራ ወንበር አይገኝበትም፣ ቲኬቱን በታኅሣሥ ቁረጡ።

አጎበሩን የሚሰቅል፣ የሚታጠፍ ቀላል የብረት አልጋ የሚሸጥ ጎንደር ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ ሱቁን ንገሩን፤ እኔ እስካሁን ያገኘሁት አዲስ አበባ ብቻ ነው።