የኅዳር 1955ቱ የአስመራ ምክር ቤት፦ ውህደቱ በድምፅ ነው በጭብጨባ?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ትላንት ከጓደኛዬ ጋር ስንጨቃጨቅ አመሸን። እሱ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር የነበራትን ፌዴሬሽን ትታ ሙሉ በሙሉ የተዋሃደችው በገዛ ፓርላማዋ ውሳኔ ነው ይላል፣ እኔ ተገደው ነው እላለሁ። የምታውቁ እስቲ አስረዱን

የደሴው፦ ጓደኛህ ልክ ነው። 68 አባላት የነበሩት ምክር ቤት ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም ተሰብስቦ ፌዴሬሽኑ ይቅር አለ፣ አለቀ። ደግሞ «ኢትዮጵያ ወይም ሞት» ሲሉ የነበሩት ራሳቸው ኤርትራውያን ናቸው እኮ፣ ከአዲስ አበባ የተላኩ አይደሉም

መምህር፦ ወንድሜ፣ አንድነት ፈላጊው ብዙ እንደነበር የሚክድ ሰው ታሪኩን አያውቀውም፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ግን የዛን ቀን የሆነው ምንድነው? የኤርትራ ዋና አስፈፃሚ ቢትወደድ አስፍሃ ወልደሚካኤል መግለጫ አነበቡ፣ ተጨበጨበ፣ ከዛ በሙሉ ድምፅ ፀደቀ ተባለ። ክርክር የለ፣ ቆጠራ የለ። የተባበሩት መንግስታት እንኳን በ1943 ፌዴሬሽኑን ሲወስን ተከራክሮ፣ ቆጥሮ ነው፣ 46 ድጋፍ 10 ተቃውሞ 4 ድምፀ ተአቅቦ። የራሱ የሀገሬው ምክር ቤት ግን በጭብጨባ?

የደሴው፦ እሺ መምህር፣ ቢቆጠርስ ውጤቱ ያው አይሆንም ነበር? ደሞ ጀብሃ፣ ማለትም የኤርትራ ነፃነት ግንባር፣ የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሰው ነሐሴ 1953 ነው፣ ፌዴሬሽኑ ሳይፈርስ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ። ስለዚህ ጦርነቱን ያመጣው መፍረሱ ነው የሚለው አያስኬድም

አስመራ ያደግኩት፦ ወንድም ዓለም እሱ እኮ ለኛ ነው የሚመሰክረው። ፌዴሬሽኑ በአንድ ቀን አልፈረሰም፣ ሲሸረሸር ነው የኖረው። ባንዲራው በ1951 ወረደ፣ በ1952 «የኤርትራ መንግስት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ሆነ፣ ትግርኛና አረብኛ ከቢሮ ወጥተው አማርኛ ገባ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ያየ ሰው ነው ጫካ የገባው። ተድላ ባይሩን ደግሞ አስቡት፣ የአንድነት ማህበሩ መሪ፣ የመጀመሪያው ዋና አስፈፃሚ፣ በ1947 ስልጣን ለቀቁ፣ በኋላ በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሳለ ከድተው ጀብሃ ገቡ! አንድነትን ከሳቸው በላይ የፈለገ ማን ነበር?

መምህር፦ እኔ እስከዛሬ የአንድነት ሰው ነኝ፣ ለዛ ነው የሚያንገበግበኝ። ቢቆጠር ያው ነበር ካልክ ለምን አልቆጠሩም? አሸንፋለሁ ያለ ሰው ኮሮጆ አይፈራም። በ1985 ኤርትራውያን እንዲመርጡ ሲጠየቁ 99.8 በመቶው ነፃነት ብሎ ወጣ፣ በመሀል 30 ዓመት ጦርነት፣ ከሁለቱም ወገን ያለቀው ልጅ...

የደሴው፦ የተድላ ባይሩን አላውቅም ነበር፣ አነበዋለሁ። የባሕር በሩን ጉዳይ ደግሞ ነገ ለብቻው እናነሳዋለን